የሰባተኛዋ ድመት መንገድ

ሳጥኑን አዝሎ ከወፍጮ ቤቱ ግቢ ሲወጣ «በሰላም ድረስ» ያለው ሰው አልነበረም። ዘበኛው በሩን ከፈተለት፣ ሳጥኑን አየና ሳቁን በመዳፉ ከደነው። ፎቅ ላይ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ የድርጅቱ ኃላፊ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል፤ የሚያየው ግን ተጓዡን ሳይሆን ሰማዩን ነበር።

«ቆርቆሮው!» አለ ከጫኞቹ አንዱ፣ የዱቄት ከረጢት ትከሻው ላይ እንዳለ። «አንተ ነህ ድመቷን የምታደርሳት ወይስ እሷ ናት አንተን?»

ግቢው በሳቅ አውካካ።

ዞር አላለም። ይህን ሳቅ ሃያ ሁለት ዓመት ለምዶታል፤ መልመድ ማለት ግን መርሳት አይደለም። ሌላው ሰው ፎቶግራፍ ያስቀምጣል፣ እሱ ስድብ ያስቀምጣል። ማን፣ መቼ፣ ምን ለብሶ ምን እንዳለው ቢጠየቅ አንድም አይስትም።

«ቆርቆሮው» ያሉት በሥራው ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ዱቄቱን ከአይጥ የሚጠብቁ ድመቶች ያረባል። በየቀኑ ልክ በአራት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ከጭስ ማውጫው በላይ ስትወጣ፣ ግቢው መሀል ቆሞ አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ በብረት ማንኪያ ሦስቴ ይመታል። ያኔ ድመቱ ሁሉ ከጣሪያ፣ ከማሽን ሥር፣ ከከረጢት መሀል እየተንደረደረ ይመጣና የደረቀ የዓሣ ራሱን ይቀበላል። ይህን ያስተማራቸው እሱ ነው። ከኃላፊ አልተማረውም፣ ከመጽሐፍ አልቀዳውም። በዚህ ዓለም አፉን ሞልቶ «የኔ ነው» የሚለው ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው።

ድርጅቱ የሦስት ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ተራራ ላይ የዘር ማከማቻ አለው። ብርዱ ዘሩን ስለሚያቆይ ነው እዚያ የተሠራው። ጠባቂው ታላቅ ወንድሙ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስድስት ድመቶች ከነቆርቆሯቸው ላከለት፤ ስድስቱም ጠፉ። ባለፈው ሳምንት የወንድሙ ድምፅ በሬዲዮ መገናኛው መጣ፤ በኃላፊው ፊት፣ በጸሐፊዋ ፊት፣ ሻይ በምታቀርበው ሴት ፊት፦

«ስድስተኛዋም ሄደች። የትንሹ ድመቶች ፈሪ ናቸው፣ ይኮበልላሉ። አይጡ ዘሩን እየጨረሰው ነው።»

ትንሹ! አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ጸሐፊዋ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ እሷንም መዝግቧታል።

ኃላፊው ነገሩን እዚያው ቆረጠው። መርዝ ረጪው ተራራ ይውጣ፣ ድመት ቤቱ ይዘጋ፣ የቀሩት ድመቶች ወደ ጎዳና ይውጡ። ቆርቆሮው በሕይወቱ ለምኖ የማያውቀውን ያህል ለመነ። በመጨረሻ ኃላፊው እጁን አወናጨፈና «ረጪው ሲደርስ ማከማቻው ውስጥ በሕይወት ያለች ድመት ካገኘ ይመለሳል» አለ። «ደንቡም ነው፣ መርዝ የበላ አይጥ ድመት ስለሚገድል ድመት ባለበት አንነሰንስም። ካላገኘ ግን ይሄን ጨዋታ እንዘጋዋለን።»

ጨዋታ አለው። ሃያ ሁለት ዓመት!

ስለዚህ ከድመቶቹ ሁሉ ደፋሯን፣ ዳማን መረጠ። ቀይ፣ ጆሮዋ በጠብ የተቀደደ፣ አይጥ ስታይ ጅራቷን እንኳ የማታወዛውዝ። ከሽቦና ከጣውላ በሠራላት ሳጥን አስገባት፣ ቆርቆሮውን በወገቡ አንጠለጠለ፣ የዓሣ ራስ በከረጢት ቋጠረ።

ከከተማው ዳር ሁለት በቅሎ ይዛ የምትጠብቀው ነጂ ስድሳ ዓመት የሞላት፣ አጭር፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። ለማከማቻው ጨውና ጋዝ ትወስዳለች።

«ይቺ ቡላዋ ጡረታ ትባላለች» አለችው የፊተኛዋን በቅሎ እያሳየችው። «ስሟን እኔ ነኝ ያወጣሁላት።»

«ለምን ጡረታ አልሻት እትዬ?»

«ቀስ ብላ ስለምትመጣ፤ መምጣቷንም እስክታያት ስለማታምን።»

እሱ አልሳቀም። ጣቶቹ ጭኑን መታ መታ ያደርጋሉ፤ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንለት ሰው ነው። «እንሂድ» አለ። «ረጪው ትናንት ማታ ወጥቷል።»

*

ከሰዓት በፊት ሰማዩ ተደፋባቸው። ሜዳው ላይ መጠለያ የሚሆን ዛፍ የለም፤ በረዶው እንደ ጠጠር ወረደ፣ በቅሎዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው አንገታቸውን ደፉ። ቆርቆሮው ኮቱን አውልቆ ሳጥኑን ሸፈነ፣ ራሱ በሸሚዝ ሳጥኑ ላይ ተደፋበት። ጀርባው በረዶ እየበላ ከሥሩ ዳማ ታጉረመርማለች።

«ኮትህን ልበስ፣ ትሞታለህ!» ጮኸች ነጂዋ።

«እኔ ብሞት ማን ይጠይቃል! እሷ ናት የምትፈለገው!»

«ጉድ እኮ ነው» አለች ለበቅሎዋ።

በረዶው ሲያቆም ሜዳው ነጭ ሆኖ ፀሐይ ወጣችበት። ቆርቆሮው ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። ዳማን ሆዷ ላይ በረጅም ሲባጎ አስሮ ግልጥ ካለ ቦታ አወጣት፣ ሃያ እርምጃ ራቀና ቆርቆሮውን ሦስቴ መታ። ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ዳማ ጆሮዋን ቀስራ ሮጠች።

ንስሩን ያየችው ነጂዋ ናት። «ከላይ!» ብላ ጮኸች።

ቀና ሲል ክንፉን አጥፎ እንደ ድንጋይ የሚወርድ ጥቁር ነገር አየ። ሲባጎውን ወደ ራሱ ሳበና በሆዱ ተወረወረ። ድመቷን ደረቱ ሥር ሲያስገባትና የንስሩ ጥፍሮች ትከሻው ላይ ሲሰኩ አንድ ሆነ። ሸሚዙ ተተረተረ። ክንፉ ፊቱን ደበደበው። ነጂዋ የጭነት ገመዷን እያሽከረከረች ደረሰች፤ አንዴ ጎኑን አገኘችው፣ ሁለተኛው አየር ቀዘፈ። ንስሩ ከባድ ክንፉን እያርገበገበ ተነሣ፣ አንድ ዙር ዞራቸው፣ ሄደ።

ነጂዋ ትከሻውን በጨውና በውሃ ስታጥብለት ጥርሱን ነከሰ።

«ለምን ሜዳ ላይ አወጣሃት? እዚያው ሳጥኗ ውስጥ አትበላም?»

«ውጭ ነው የምትበላው። ቤት ውስጥ የበላ ድመት ዱቄት ላይ ይተኛል። በአራት ሰዓት፣ ውጭ፣ በቆርቆሮ። ደንቡ ነው።»

«የማን ደንብ?»

«የኔ።»

ነጂዋ ጨርቁን ጨመቀችው። «ንስሩ ግን አላነበበውም» አለች።

ነገሩ ከበረዶው የበለጠ ቆረጠው። እሷንም መዘገባት።

*

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ወንዙ ደረሱ። ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ሽቦ ላይ በመዘውር የሚሄድ የብረት ወንበር አለ፤ የተሻገረ ሰው ወንበሩን መልሶ ይለቀዋል፣ ያ የመንገደኛ ሁሉ ሕግ ነው። ወንበሩ ግን ማዶ ላይ ነው። ከግንድ ጋር በሰንሰለት ታስሯል። ከግንዱ ሥር የጠፋ እሳት አመድና የረጪው ነጭ የመርዝ ቆርቆሮ ክዳን ይታያል።

«አሰረው» አለ ቆርቆሮው። «አየሽ እትዬ? አየሽ? እንዳንደርስበት አሰረው!»

«ምናልባት ረስቶት…»

«ሰንሰለት ተረስቶ ይታሰራል?» በወንዙ ዳር ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። ውሃው በበረዶው ሞልቶ ቡናማ ሆኗል፤ ግንድ ይዞ ያልፋል። ግማሽ ቀን ወደ ላይ ቢሄዱ ድልድይ አለ፤ ግማሽ ቀን ግን የላቸውም። ረጪው ሰፊውን መንገድ ይዞ ተራራውን ዞሮ ነው የሚወጣው፤ እነሱ በገደሉ አቋራጭ ከወጡ ነገ ረፋድ ላይ ሊቀድሙት ይችላሉ። ዛሬ ከተሻገሩ ነው ታዲያ።

«ጡረታ ትዋኛለች?» አለ።

«ጡረታ ሁሉንም ታውቃለች፤ ፈቃድ ነው የሚጎድላት።»

ሳጥኑን ራሱ ላይ ተሸክሞ የጡረታን ጅራት ያዘ። ነጂዋ ከፊት በሌላኛዋ ላይ ሆና ገባች። ውሃው እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፣ ከዚያ እግሩ መሬት አጣ። ብርዱ ትንፋሹን ቀማው። መሀል ላይ አንድ ቅርንጫፍ መጥቶ ሳጥኑን መታው፤ ጣውላው ሲሰነጠቅ ሰማ፣ ዳማ እንደ ሕፃን ጮኸች። ሳጥኑ ከራሱ ላይ ተንሸራተተ፣ በአንድ እጁ ጠርዙን ያዘው፣ በሌላው ጅራቷን። ክንዱ ከመገጣጠሚያው የሚወጣ መሰለው። አልለቀቀም። ሲጠሩት «ቆርቆሮው»፣ ሲልኩት «ቆርቆሮው»፣ ሲስቁበት «ቆርቆሮው»፤ ይህን ሁሉ እያሰበ ነው ያልለቀቀው። ቂም አንዳንዴ ከጡንቻ ይበረታል።

ማዶ ላይ ወድቆ ውሃ ተፋ። የሳጥኑ በር ተሰብሯል። ቀበቶውን ፈትቶ አሰረው፤ ሱሪውን በሲባጎ ያዘ።

ነጂዋ አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አላገኘችም። ወደ ግንዱ ሄዳ ሰንሰለቱን ፈታችና ወንበሩን ለኋላ ሰው ለቀቀችው።

*

አራት ሰዓት ውሃው ውስጥ አልፏል። ይህ እረፍት ነሳው። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት፤ በሣሩ መሀል ሽቅብ እየወጡ ነው፣ ሣሩ እስከ ደረት ይደርሳል። «አንድ ቀን አሳልፌባት አላውቅም» ይላል በየመቶ እርምጃው። በመጨረሻ ነጂዋ ሰለቻት፦ «አብላትና እንረፍ!»

ዝቅ ያለ ድንጋይ ላይ ሲባጎውን በእጁ ጠቅልሎ ያዘና መታ። ሦስቴ።

ዳማ የዓሣውን ራስ ማኘክ እንደ ጀመረች በቅሎዎቹ ጆሯቸውን አንድ ላይ አዞሩ። ሣሩ ተከፈለ። ከዚያ መሀል አንዲት አነር ወጣች፤ ከድመት በጣም ትልቅ፣ ከነብር ያነሰች፣ ነጠብጣም፣ እግረ ረጅም፣ ጆሮዋ ሰፊ። አላደባችም። አልሸሸችም። ሠላሳ እርምጃ ላይ ስትደርስ ቁጢጥ አለች፣ ጅራቷን እግሯ ላይ ጠመጠመች፣ የሰውየውን እጅ አየች። ድመቷን አይደለም፤ እጁን፣ ማንኪያውን፣ ቆርቆሮውን።

ቆርቆሮው ሲባጎውን ወደ ራሱ ሳበ። ነጂዋ ድንጋይ አነሣችና ወረወረች። አነሯ ጥቂት ራቅ ብላ እንደገና ተቀመጠች። ሁለተኛውን ድንጋይ ስትወረውር ብቻ ቀስ ብላ ሣሩ ውስጥ ገባች።

«እንዲህ ያለ አውሬ አይቼ አላውቅም» አለች ነጂዋ በዝግታ። «አደን የመጣች አትመስልም።»

«ታዲያ ምን ትመስላለች?»

«የተጠራች።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ በቅሎ ነጂ ነኝ።»

ዳማን ሳጥኗ ውስጥ ከተተ። በጉዞው ሁሉ ኋላውን ያያል፤ ሣሩ ነፋስ በሌለበት ይንቀሳቀስ ነበር።

በመሸ ጊዜ ዋሻ አፍ ላይ እሳት አንድደው ተቀመጡ። ነጂዋ ጠየቀችው፦ «ከወንድምህ ጋር ምን ሆናችሁ ነው?»

አሥራ አንድ ዓመት ለማንም ያላወጣውን አወጣው። አባታቸው ከሁለት ልጅ አንዱን ብቻ ነበር ማስተማር የቻለው፤ ታላቁን መረጠ። ትንሹ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቶ ከረጢት ተሸከመ። አባታቸው የሞተ ዕለት ግን ትንሹ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ጽፎ፣ ሰርዞ፣ ጽፎ፣ ስለ አባቱ አንድ ገጽ ይዞ በሰው ፊት ቆመ። ሁለተኛው መስመር ላይ ተንተባተበ። ታላቁ መጣና ወረቀቱን ከእጁ ወሰደው። «ሰው እንዲሰማው እኔ ላንብበው» አለ። ቃላቱንም እያረመ አነበበው።

«ከእጄ ላይ ነው የወሰደው» አለ ቆርቆሮው። «በሰው ሁሉ ፊት።»

ነጂዋ እሳቱን ቆሰቆሰች። «አንተ ደግሞ እስከ ዛሬ እጅህን ዘርግተህ እንደቆምክ ነህ» አለችው።

*

በሦስተኛው ቀን ገደሉን ወጡ። መንገዱ የአንድ በቅሎ ስፋት ነው፤ ከግራ ድንጋይ፣ ከቀኝ ባዶ። ጉሙ ከሥራቸው ይፈላል። ከጉሙ ሲወጡ የማከማቻው የድንጋይ ግድግዳ ከበላያቸው ታየ፣ ቁመቱ አጭር፣ ጣሪያው ዝገት። ከፊቱ ሰፊ ጠፍጣፋ አለት አለ። በአለቱና በእነሱ መካከል ሁለት መቶ እርምጃ የሚሆን ሣር ያለበት ዳገት ነው። የረጪው ጭስ ወይም በቅሎ አይታይም።

«ቀደምነው!» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ብርሃን መጣ።

ያኔ ከላይ ድምፅ መጣ።

ቋ። ቋ። ቋ።

ታላቅ ወንድሙ ጠፍጣፋው አለት ላይ ቆሞ ነበር፤ ሽበታም፣ ጎባጣ። ቆርቆሮ መታ፣ ከጆንያ አንድ ነገር አለቱ ላይ ዘረገፈ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ቤት ገባ፣ በሩን ዘጋ። ስድስተኛዋ ድመት ከጠፋች ከሳምንት በላይ ሆኗታል። ሰውየው ግን ትመለስ ይሆናል ብሎ እስከ ዛሬ ይመታል።

ሳጥኑ ጀርባው ላይ ተናወጠ። ዳማ ሁለት ቀን ሙሉ ያልሰማችውን፣ በሰዓቱ፣ በልኩ የተመታ ቆርቆሮ ሰማች። የተሰበረው በር ቀበቶውን አንሸራተተው። ቀይ ነገር በትከሻው ላይ አልፎ ሣሩ ውስጥ ገባ።

«ዳማ!»

ከአለቱ ወዲያ በኩል፣ ከገደሉ ጫፍ፣ አነሯ ብቅ አለች። አትሮጥም። ወደ ምሳው ጠረጴዛ እንደሚሄድ ሰው ትመጣለች፤ መንገዱን ታውቀዋለች፣ ሰዓቱን ታውቀዋለች። ሣሩ በእግሯ ተረግጦ ቀጭን መንገድ ሠርቷል። ቆርቆሮው ያንን መንገድ አየ። ሰው የማይሄድበት፣ ከገደል እስከ አለት የተዘረጋ፣ የሦስት ዓመት መንገድ።

ስድስት ድመት። ፈሪ አልነበሩም። አልኮበለሉም። በሰዓታቸው፣ በደንቡ፣ እሱ እንዳስተማራቸው መጥተው ነበር።

«በሩን ክፈት!» ጮኸ። ነፋሱ ቃሉን ወደ ገደሉ ወሰደው። ዳማ ግማሽ መንገድ ደርሳለች፤ አነሯ አይታታለች፣ ጎንበስ ብላለች።

ቆርቆሮውን ከወገቡ መነጨቀ። ሦስቴ አይደለም፤ ያለ ቁጥር፣ ያለ ደንብ፣ እንዳበደ ሰው ደበደበው። ዳማ ቆመች። ይህን ቆርቆሮ ታውቀዋለች፤ ከተወለደች ጀምሮ የሰማችው እሱን ነው። ወደ አለቱ አየች፣ ወደ እሱ አየች።

«ነይ! ነይ የኔ እናት! ነይ!»

ዞረች፣ ቁልቁል ሮጠች። አነሯም ዞረች። አሁን ለሷም ምግቡ ያለው እዚህ ነው። ሁለቱም ወደ እሱ እየመጡ ነው፣ አንዷ ከአንዷ ኋላ፣ ልዩነታቸው በየዝላዩ እያጠረ።

«መምታትህን አቁም፣ ልትበላህ ነው!» ጮኸች ነጂዋ።

ቢያቆም ዳማ መሀል ላይ ትቀራለች። አላቆመም። ዳማ እግሩ ላይ ደረሰች፣ በሱሪው፣ በሸሚዙ፣ በቆሰለው ትከሻው ላይ ጥፍሯን እየሰካች ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አነሯ አምስት እርምጃ ላይ ነበረች፤ የኋላ እግሮቿ ታጥፈዋል፣ ዓይኗ ማንኪያው ላይ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት የመታውን ቆርቆሮ በሙሉ ኃይሉ ወደ ገደሉ ወረወረው።

ድንጋይ ላይ አረፈ፣ ነጠረ፣ እንደገና አረፈ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ወረደ፣ ተራራው ሁሉ እየመለሰለት። አነሯ በጅራፍ የተመታች ይመስል ተጠማዘዘች፣ ድምፁን ተከትላ በገደሉ ጫፍ ዘለለች፣ ከአለት ወደ አለት ስትወርድ ነጠብጣሟ ጀርባዋ ለአፍታ ታየ፣ ጉሙ ውጦ አስቀራት።

ቆርቆሮው ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ ድመቷ አንገቱ ላይ እንዳለች።

በሩ ተከፈተ። ጎባጣው ሰው መነጽሩን እያስተካከለ ወጣ። «ማነው ያለ ሰዓቱ የሚመታው?» አለ፤ ከዚያ ወደ ታች አየና ድምፁ ተለወጠ። «ትንሹ?»

*

የማከማቻው ክፍል ጨለም ያለ ነው፤ የዘር ጆንያዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፣ ከየጥጉ አይጥ ይንጫጫል። ዳማ ገና ደፉን ስትረግጥ ጆሮዋ ተነሣ። አንድ፣ ሁለት ዝላይ፣ ጸጥታ። ነጂዋ አጨበጨበች።

ቆርቆሮው ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር። በሩ ጀርባ፣ በመስኮት መስታወት ቁራጭ ተሸፍኖ፣ በአራት ሚስማር የተቸነከረ ወረቀት አለ። የራሱ ጽሕፈት ነው፤ ጠማማ፣ የተሰረዘ፣ ፊደሉ የተሳሳተ። ከመጀመሪያዋ ድመት ጋር የላከው።

«በአራት ሰአት አብላ። ዉጭ አዉጣ። ሶስቴ ምታ። ምግቡን አስቀምጠህ ግባ እንግዳ ሰው ቆሞ ካያቸው አይበሉም። አንድ ቀን እንዳታሳልፍ።»

«አላሳለፍኩም» አለ ወንድሙ ከኋላው፣ በኩራት። «ትኩሳት ይዞኝ እንኳ እየተሳብኩ ወጥቼ መትቻለሁ። በዝናብም በብርድም። ልክ እንዳልከው።»

«ለምን በመስታወት ሸፈንከው?»

«እርጥበት እንዳይበላው።» ወንድሙ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ሳያስፈልግ እንደገና ጠረገው። «አንድ ጊዜ ወረቀትህን ከእጅህ ወስጄብሃለሁ። አርሜብህማለሁ። ይሄኛውን… ፊደል ሳልነካ፣ እንዳለ ልፈጽመው ብዬ ነው።»

ቆርቆሮው ሦስት ቀን ሙሉ ሲያበስለው የመጣውን ንግግር ተወው።

«ጋሼ» አለ። አሥራ አንድ ዓመት ያልጠራው ስም ነው። «ድመቶቹ አልኮበለሉም። አነር ናት የበላቻቸው። ቆርቆሮው ድመት ብቻ አይደለም የጠራው። ‹ውጭ› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‹ግባ፣ አትይ› ያልኩህም እኔ ነኝ።»

ወንድሙ ወረቀቱን አየ፣ በትንሿ መስኮት አለቱን አየ። «በየቀኑ» አለ። «በየቀኑ እየጠራሁ አበላኋት።»

«ካልኩህ ውልፊት ብትል ኖሮ በሕይወት ይኖሩ ነበር።»

«ውልፊት ብል ደግሞ ‹ናቀኝ› ትለኝ ነበር።»

ነጂዋ ከጆንያዎቹ መሀል ሳቋ አመለጣት። ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ።

እኩለ ቀን ላይ መርዝ ረጪው ደረሰ፣ ጭምብሉ አንገቱ ላይ፣ ላቡ በጀርባው ላይ። በሩን ሲከፍት ዳማ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አይጥ በአፏ ይዛ አየችው። እሱም አያት። እጁን ወገቡ ላይ አደረገና ተነፈሰ።

«በምን ተሻገራችሁ?» አለ።

«በጡረታ» አለችው ነጂዋ። «ወንበሩን ለምን አሰርከው?»

«ረስቼ ነው።» ከንፈሩን ላሰ። «የሚጠጣ ውሃ አለ?»

«ነበር፤ የት እንዳስቀመጥነው ረሳን።»

ታላቁ ወንድም ግን ቀድቶ ሰጠው። ረጪው ጠጣ፣ የመርዝ ቆርቆሮውን መልሶ ጫነ፣ ወረደ። ቆርቆሮው ከመዝገቡ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው አሰበና ተወው፤ ደክሞታል።

በማግስቱ ልክ በአራት ሰዓት ሁለቱ ወንድማማቾች ትንሿ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። በሩ ተዘግቷል። የዓሣው ራስ ቤት ውስጥ፣ ሰሐን ላይ፣ ያለ ድምፅ ተቀምጧል፤ ዳማ በልታ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች። መስታወቱ ተነሥቶ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ታላቁ እስክሪብቶውን ለታናሹ ሰጠ። ታናሹ «ዉጭ» የሚለውን ሰርዞ «ዉስጥ» ብሎ ጻፈ፣ «ሶስቴ ምታ» የሚለውን ሙሉውን ሰረዘ። ታላቁ ፊደሉን አላረመም።

አነሯ መጣች። በቀጭኑ መንገዷ ወጥታ ባዶው አለት ላይ ተቀመጠች፣ ጅራቷን እግሯ ላይ ጠቅልላ በሩን ማየት ጀመረች። ነፋሱ ጠጉሯን ይከፍለዋል። ጠበቀች።

የታናሹ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ፣ ሳያስበው፣ ተነሡ። አንድ። ሁለት።

ታላቅ ወንድሙ እጁን እላዩ ላይ አሳረፈ። እንዲያው ያዘው፤ እስክትሄድ ድረስ አልለቀቀውም።